የተማሪ የምርምር ድርሰት በምን ሚዛን ይመዘናል?

ልጅን ወደ ትምህርት ቤት መላክ ብቻውን የወላጅን ግዴታ እንደማይፈጽም የታወቀ ነው። ልጁ በዓመቱ መጨረሻ የሚያመጣውን የውጤት ወረቀት ተቀብሎ ቍጥሩን የሚያነብ አባት ብዙ ነው፤ ቍጥሩ በምን ሚዛን ተመዝኖ እንደ ተሰጠ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በገበያ ሚዛኑን ሳያይ ለቅቤው ዋጋ የሚከፍል ሰው ቢገኝ ሁሉ ይስቅበት ነበር፤ ከቅቤ እጅግ በሚበልጠው በልጅ ዕውቀት ላይ ግን ብዙ ቤተ ሰብ እንዲሁ ሲያደርግ ይታያል።

በዛሬው ጽሑፋችን ለክቡራን አንባቢዎቻችን የምናቀርበው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በመጨረሻዎቹ ክፍሎች ስለሚሠራው የምርምር ድርሰት ነው። የምርምር ድርሰት ማለት ተማሪው ከመጽሐፍ የተማረውን መልሶ የሚናገርበት ሳይሆን፣ ራሱ ጥያቄ አውጥቶ፣ ራሱ ማስረጃ ሰብስቦ፣ የደረሰበትን በጽሑፍና በቃል የሚያስረዳበት ሥራ ነው። ይህን የመሰለውን ሥራ መመዘን የሒሳብን መልስ እንደ መመዘን ቀላል አይደለም። ወላጆች የሚዛኑን አሠራር ቢያውቁ ግን ልጃቸውን በሚገባ ለመርዳት፣ ከሚጐዳውም እርዳታ ለመቈጠብ ይችላሉ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

አፍንጮ በርና በአቅራቢያው ያሉት የትምህርት ቦታዎች

በአራዳ ከስድስት ኪሎ አጠገብ ያለው የአፍንጮ በር ሰፈር በትምህርት ቤቶች መካከል የሚገኝ ሰፈር ነው። በስድስት ኪሎ በ1931 የተከፈተውና በኋላ የካቲት 12 የተባለው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት አለ። ወደ አራት ኪሎ ሲወርዱ በ1908 የተመሠረተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ይገኛል። ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው ግቢ ደግሞ በ1961 ለዩኒቨርሲቲ ተሰጥቶ እነሆ እስከ ዛሬ ድረስ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ነው።

በዚሁ ግቢ ውስጥ በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሠረተ። በተቋሙ ቤተ መጻሕፍት ከሚጠበቁት ጽሑፎች መካከል የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ለመመረቂያ የጻፏቸው፣ በተለምዶ ሲኒየር ኤሴይ የሚባሉት ድርሰቶች ይገኙበታል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ የነበሩ ወጣቶች ወደየአገራቸው ሄደው፣ ሽማግሌ ጠይቀው፣ የአንዱን ከተማ ወይም የአንዱን ገበያ ታሪክ የመዘገቡባቸው ናቸው። የተጠየቁት ሽማግሌዎች አልፈዋል፤ ቃላቸው ግን በተማሪው ወረቀት ላይ ቀርቷል። ስለዚህም ታላላቅ የታሪክ ጸሐፊዎች ሳይቀሩ እነዚህን ድርሰቶች በማስረጃነት ሲጠቅሱ ይታያል።

ይህንም ማንሳታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ለድርሰቱ የተሰጠው ነጥብ ከዓመት በኋላ ይረሳል፤ በድርሰቱ ውስጥ ያለው እውነት ግን ባለቤቱን አልፎ ይኖራል። ስለዚህ ሚዛኑ የሚያስፈልገው ልጁን ለመሸለም ብቻ ሳይሆን፣ እውነተኛውን ሥራ ከሐሰተኛው ለመለየት ነው።

ፈተና የሚመዝነውና የማይመዝነው

በአገራችን የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሚመዘነው በብሔራዊ ፈተና ነው። በዚህ ፈተና ተማሪው ከተሰጡት መልሶች አንዱን ይመርጣል፤ የሚያርመውም መኪና ነው። ጥያቄዎቹ አስቀድመው እየተሰረቁ ብዙ ችግር ስላመጡ ከ2022 ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በጥብቅ ጥበቃ እንዲሰጥ ተደረገ። በዚያ ዓመት የፈተናውን ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 እጅ ብቻ ሆኑ፤ በ2023 የተፈተኑትም ውጤት ከመቶ 3.2 እጅ ነበር። ይህ ውጤት ቀድሞ በየቤቱ ይታይ የነበረው መልካም ቍጥር ሁሉ እውነተኛ ዕውቀት እንዳልነበረ ለብዙ ወላጅ ገለጠለት።

እንዲህ ያለው ፈተና ጥቅም አለው። ለሁሉ እኩል ነው፤ አያዳላም፤ በአጭር ጊዜም ብዙ ሺህ ሰው ይመዝናል። ነገር ግን ልጁ ጥያቄ ማውጣት ይችል እንደ ሆነ፣ ሁለት የማይስማሙ ማስረጃዎች ሲገጥሙት በየትኛው እንደሚፈርድ፣ ያላወቀውን አላወቅሁም ለማለት ድፍረት ይኖረው እንደ ሆነ ሊያሳይ አይችልም። ሰው ወደ ሥራ ዓለም ሲገባ ደግሞ በየቀኑ የሚገጥመው ይኸው ነው፤ አራት መልስ አዘጋጅቶ አንዱን ምረጥ የሚለው የለም።

የአባቶቻችን የቅኔ ቤት ሚዛን

ተማሪን በራሱ አዲስ ሥራ መመዘን ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ነገር የሚመስላቸው አሉ። ይህ ግን ትክክል አይደለም። በጎጃም በዋሸራና በጎንጅ፣ በወሎም በዋድላ የታወቁት የቅኔ ቤቶች ከረጅም ዘመን ጀምሮ ተማሪውን ሲመዝኑ የኖሩት በዚሁ መንገድ ነው።

የቅኔ ተማሪ በመጀመሪያ ሁለት ቤት ባለው በጉባኤ ቃና ይጀምራል። ከዚያም በዘአምላኪየ፣ በሚበዝኁ፣ በዋዜማ፣ በሥላሴ እያለ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ በደረጃ ይወጣል። ቀን ከሰው ተለይቶ በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በሜዳ ተቀምጦ ይቈጥራል፤ ከዚያም በመምህሩ ፊት ቆሞ ያቆጠረውን በቃሉ ያሰማል። መምህሩ የግሡን አገባብ፣ የቤቱን ልክ፣ የሰሙንና የወርቁን መስማማት እየመረመረ ያርመዋል፤ ጓደኞቹም ይሰማሉ። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ተማሪ ቢኖር የሚያገኘው ውርደት ከዱላ ይከብዳል። ትምህርቱን ፈጽሞ ሲመረቅም አስመሰከረ ይባላል፤ ስለ ዕውቀቱ የሚመሰክርለት ወረቀት ሳይሆን መምህሩና ጉባኤው ነውና።

እንግዲህ ከዚህ ሦስት ነገር እናገኛለን። ይኸውም ሥራው አዲስ መሆን አለበት፤ ባለቤቱ በቃል ሊያስረዳው ይገባል፤ ዳኛውም ከባለቤቱ የበለጠ የሚያውቅ መሆን አለበት። ወደ ፊት የምንገልጸው የውጭ አገር ሥርዓትም ከእነዚህ ከሦስቱ አይወጣም። ልዩነቱ የቅኔ ቤት ሚዛን በመምህሩ ልቡና ውስጥ ሲሆን፣ የአሁኑ ግን በጽሑፍ ተዘርዝሮ ተማሪው አስቀድሞ እንዲያውቀው መደረጉ ነው።

የውጭ አገር ሁለት ሥርዓት

የመጀመሪያው መሠረቱ በ1968 በጄኔቭ የተጣለው ኢንተርናሽናል ባካሎሬት የሚባለው ነው። በአዲስ አበባም ኢንተርናሽናል ኮሙኒቲ ስኩል የተባለው ትምህርት ቤት ይህን ትምህርት ያስተምራል። የዚህ ትምህርት ተማሪ ከሌሎች ትምህርቶች ጋር ከ4,000 ቃል የማይበልጥ አንድ ረጅም ድርሰት እንዲጽፍ ግዴታ አለበት። ለሥራው የሚታሰብለት ጊዜ 40 ሰዓት ያህል ነው። ተቈጣጣሪ አስተማሪ ይመደብለታል፤ አስተማሪው ይመክራል እንጂ አይጽፍለትም። በመንገዱ ላይ ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ተይዞ ይነጋገራሉ፤ የመጨረሻው ንግግር ተማሪው ስለ ሥራው በቃል የሚጠየቅበት ነው። ድርሰቱን የሚያርመው ግን ከትምህርት ቤቱ ውጭ ያለ ፈታኝ ነው፤ ከኤ እስከ ኢ ባሉት አምስት ፊደላትም ደረጃ ይሰጠዋል። ኢ ያገኘ ተማሪ በሌላው ትምህርት ምንም ቢያይል ዲፕሎማውን አያገኝም።

ሁለተኛው በአሜሪካ ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ማኅበር የሚያካሂደው፣ ኤ ፒ ሪሰርች የሚባለው የአንድ ዓመት ትምህርት ነው። ተማሪው በቅድሚያ ኤ ፒ ሴሚናር በሚባለው ትምህርት ማንበብን፣ ማመዛዘንንና ማስረዳትን ይለማመዳል፤ ከዚያም ወደ ምርምሩ ይገባል። በዓመቱ መጨረሻ የጽሑፍ ፈተና የለም። የሚመዘነው በሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ከ4,000 እስከ 5,000 ቃል ያለው ድርሰቱ ከመቶ 75 እጅ ይይዛል፤ ሥራውን በጉባኤ ፊት ማቅረቡና ለጥያቄ መልስ መስጠቱ ከመቶ 25 እጅ ይይዛል። የመጨረሻው ውጤት ከ1 እስከ 5 ባለው ቍጥር ይገለጻል።

በዚህ ላይ አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉት የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። በሁለቱም ሥርዓት ድርሰቱን የሚያርመው ሰው ተማሪውን አያውቀውም። የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ አባቱ በምን ማዕርግ እንዳለ፣ በየትኛው መኪና ወደ ትምህርት ቤት እንደሚመጣ ለማወቅ መንገድ የለውም። የሚያየው የተጻፈውን ብቻ ነው። ለታላቅ ሰው ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ክብር የለም፤ ያገኘው ነጥብ የራሱ ብቻ ነውና ማንም ሊያማው አይችልም።

አንዱ ጥያቄ በአምስት ደረጃ

የነጥቡን ትርጕም በምሳሌ ብናስረዳ ይሻላል። በአፍንጮ በር የሚኖር አንድ ተማሪ፣ ውኃ በፈረቃ ሲመጣ የሰፈሩ ቤቶች እንዴት እንደሚያጠራቅሙ ለማጥናት አሰበ እንበል። ይህን አንዱን ሐሳብ ይዞ በኤ ፒ ሪሰርች ሚዛን አምስት ልዩ ልዩ ድርሰት ሊጻፍ ይችላል።

አንደኛው ተማሪ ስለ ገፈርሳና ስለ ለገዳዲ ግድቦች ከመጻሕፍት ያገኘውን ሰብስቦ አሳምሮ ይጽፋል። ጽሑፉ ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሌሎች ያወቁትን መድገም ስለ ሆነ 1 ያገኛል።

ሁለተኛው ይህንኑ ጽፎ፣ በተጨማሪ አምስት ጎረቤቶቹን ጠየቅሁ ይላል። እነዚያን አምስቱን ለምን እንደ መረጠ፣ ምን ብሎም እንደ ጠየቃቸው አይናገርም። ዘዴ ለስሙ አለ፤ ሥራ ግን አልሠራም። ይህ 2 ነው።

ሦስተኛው ሠላሳ ቤት ዞሮ ይጠይቃል፤ በመጨረሻም የሰፈሩ ሰው ውኃ ያባክናል ብሎ ይፈርዳል። ሰዎቹ ምን ያህል ውኃ እንደ ቀዱና ምን ያህሉን እንደ ደፉ ግን አልለካም። አዲስ ሐሳብ አለው፤ ማስረጃው ግን ሐሳቡን ሊሸከም አልቻለም። ይህ 3 ነው።

አራተኛው ሠላሳውን ቤት በምን መንገድ እንደ መረጠ ያስረዳል። ለአራት ሳምንት በየቀኑ ውኃው በስንት ሰዓት እንደ መጣና ስንት ጀሪካን፣ ስንት በርሜል እንደ ተሞላ ይመዘግባል። የራሱ ቧንቧ ያለውን ቤትና አንዱን ቧንቧ ከሌሎች ጋር የሚካፈለውን ተከራይ ያነጻጽራል። የሚፈርደውም ማስረጃው እስከ ፈቀደለት ድረስ ብቻ ነው፤ ጥናቱ ያልደረሰበትንም ቦታ በግልጽ ይናገራል። ይህ 4 ነው።

አምስተኛው የአራተኛውን ሁሉ አሟልቶ፣ ከእርሱ በፊት የጻፉት ሰዎች ያልጠየቁት ነገር ምን እንደ ነበረ ያሳያል። እነርሱ ወደ ሰፈሩ የሚላከውን ውኃ ቢቈጥሩ፣ እርሱ ውኃው ግቢ ውስጥ ከገባ በኋላ በአከራይና በተከራይ መካከል እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ሌሊት ነቅታ የምትቀዳው ማን እንደ ሆነች፣ ይህም በልጆች ጥናትና በእናቶች እንቅልፍ ላይ ምን እንዳመጣ ይመረምራል። በዕውቀት አጥር ላይ ያለችውን ቀዳዳ አግኝቶ ስለ ደፈናት 5 ያገኛል።

ከዚህ እንደሚታየው በ1ና በ5 መካከል ያለው ልዩነት የቋንቋ ማማር አይደለም፤ የወረቀቱም ብዛት አይደለም። ልዩነቱ የጥያቄው ጥልቀትና የማስረጃው ታማኝነት ነው። እንዲሁም ተማሪው ወደ ሰው ቤት ገብቶ ከመጠየቁ በፊት ዓላማውን አስረድቶ ፈቃድ መጠየቅና የሰዎቹን ስም መሠወር ይገባዋል። ይህም በሥርዓቱ የታዘዘ ነው፤ ለጨዋ ልጅ ግን ትእዛዝ ባይኖርም ልማዱ ነው።

በጉባኤ ፊት መቆም

ድርሰቱ ካለቀ በኋላ የኤ ፒ ሪሰርች ተማሪ በአስተማሪውና በሌሎች ሁለት ሰዎች ፊት ቆሞ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሥራውን ያቀርባል፤ ለጥያቄም ይመልሳል። የሚጠየቀው የቃል ጥናት አይደለም። ለምን ይህን ዘዴ መረጥህ? ማስረጃህ ከጠበቅኸው ጋር ባልተስማማ ጊዜ ምን አደረግህ? እንደ ገና ብትጀምረው ምኑን ትለውጠዋለህ? የሚሉትን የመሰሉ ጥያቄዎች ናቸው።

ሌሊት ተነሥቶ የቧንቧውን ሰዓት የመዘገበ ልጅ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አያጣም። ማክሰኞ ሌሊት ውኃው ቀርቶ እሮብ ንጋት ላይ እንደ መጣ፣ አንዲት እናትም መዝገቡን አይተው እንደ ሳቁበት ሳይቀር ይናገራል። ድርሰቱን ሌላ ሰው የጻፈለት ልጅ ግን ወረቀቱን በቃሉ ቢያጠናው እንኳ ከሁለተኛው ጥያቄ በኋላ ዝም ይላል። የቅኔ መምህራን ተማሪውን በቃል ማሰማታቸው ምን ያህል ብልሃት እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል።

ስለ ተገዛ ድርሰት

አሁን ወደ አሳዛኙ ነገር እንመጣለን። ገንዘብ ተቀብለው የሌላውን ሰው የመመረቂያ ድርሰት የሚጽፉ ሰዎች እንዳሉ የተሰወረ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው የኮምፒዩተር ብልሃት መጥቶ፣ ያለ ገንዘብም በጥቂት ደቂቃ ረጅም ድርሰት ይጽፋል። ቀድሞ ይህን የሚያደርገው ባለገንዘብ ብቻ ነበር፤ አሁን ለሁሉ ተከፍቷል።

ትምህርት ቤቶችም ሚዛናቸውን በዚሁ መጠን ማጥበቅ ግድ ሆኖባቸዋል። ኮሌጅ ቦርድ ተማሪው ሥራውን ከመጨረሱ በፊት በየደረጃው ከአስተማሪው ጋር ተገናኝቶ ሐሳቡ የራሱ መሆኑን እንዲያሳይ ያዝዛል፤ ይህን ያላደረገ ተማሪ ለዚያ ሥራ የሚያገኘው ዜሮ ነው። የባካሎሬቱም ተቈጣጣሪ አስተማሪ ድርሰቱ በእውነት የተማሪው መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። በዚህ ምክንያት የመጨረሻው ወረቀት ብቻውን መታመኑ ቀርቶ፣ ወደ ወረቀቱ ያደረሰው መንገድም ይመረመራል።

ወላጅ ግን ከቅጣቱ አስቀድሞ ጉዳቱን ሊያስብ ይገባዋል። የተገዛ ድርሰት ለልጁ የሚያስተምረው አንድ ትምህርት ብቻ ነው፤ ይኸውም ስም ከሥራ ተለይቶ ሊገዛ ይችላል የሚለው ነው። ይህን ትምህርት በ18 ዓመቱ የተቀበለ ልጅ በ40 ዓመቱ በመሥሪያ ቤት ወንበር ሲቀመጥ፣ ያላየውን አየሁ ብሎ የሚፈርምና ያልተሠራውን ተሠራ ብሎ የሚያስታውቅ ሰው ይሆናል። ያን ጊዜ ጉዳቱ ከአንድ ቤት አልፎ በሕዝብ ላይ ይደርሳል።

የአባትና የእናት ድርሻ

እንግዲህ ወላጅ ምን ያድርግ? በእኛ አስተያየት የሚከተሉት በቂ ናቸው።

በመጀመሪያ ልጁ ጥያቄውን ሲመርጥ አትምረጡለት። ለአባት ሥራ የሚመች ወይም በእንግዳ ፊት የሚያስመካ ጥያቄ ለልጁ ልብ ላይመች ይችላል። በእግሩ ሄዶ የሚደርስበት፣ በዓይኑ የሚያየው፣ በሰፈሩ ያለ ትንሽ ጥያቄ ከሩቅ አገር ትልቅ ጥያቄ ይሻለዋል።

ሁለተኛ፣ ጊዜና ጸጥታ ስጡት። በተለይ ሴት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቡና ማፍላቱና እንግዳ ማስተናገዱ በእርስዋ ላይ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ፣ ወንድሟ የሚያገኘውን 40 ሰዓት እርስዋ ከየት ታመጣዋለች? ሁለቱ በአንድ ሚዛን የሚመዘኑ ስለ ሆነ በቤት ውስጥም ሸክማቸው እኩል ሊሆን ይገባል።

ሦስተኛ፣ በማታ ከራት በኋላ አስቀምጣችሁ ጠይቁት። ዛሬ ምን አገኘህ? እንዴት አወቅህ? የሚቃወምህ ሰው ምን ይል ይሆን? እነዚህን ሦስቱን ለመጠየቅ ትምህርቱን ማወቅ አያስፈልግም፤ ፊደል ያልቈጠሩ አያትም ሊጠይቁት ይችላሉ። በጉባኤ ፊት ከመቆሙ በፊት በቤት ጉባኤ የቆመ ልጅ አይደነግጥም።

አራተኛ፣ ስሕተት ብታዩ አሳዩት እንጂ እጃችሁ ብዕሩን አይንካ። አባት ያቀናው ዓረፍተ ነገር የአባት ነው፤ ፈታኙም የሚመዝነው ልጁን ሳይሆን አባቱን ይሆናል።

በመጨረሻም ነጥቡ በመጣ ጊዜ ከቍጥሩ በፊት ድርሰቱን አንብቡ። በእውነት ሠርቶ 3 ያመጣ ልጅ፣ የትኛው ማስረጃ እንዳነሰው ስለሚያውቅ በሚቀጥለው ሥራው ወደ 4 የሚሄድበትን መንገድ ይዟል። በሰው ሥራ 5 ያመጣ ግን የያዘው ባዶ ወረቀት ነው።

ይህን የመሰለ የምርምር ትምህርት እስከ ዛሬ በአገራችን የሚያገኙት በጥቂት ትምህርት ቤቶች ያሉ ጥቂት ልጆች ናቸው። ነገር ግን ዋናው ዕቃ ጥያቄ፣ መዝገብና ታማኝነት ስለ ሆነ ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ አይደለም። በአንድ ደብተርና በአንድ እርሳስ፣ ከአፍንጮ በር ጓሮ ካለች አንዲት ቧንቧ ሊጀመር ይችላል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎችም በየሰፈራቸው ይህን እንዲሠሩ፣ የሚመክራቸውና በቅን የሚመዝናቸው መምህር እንዲያገኙ ምኞታችን ነው። እስከዚያው ድረስ ግን ሚዛኑን በየቤቱ መጀመር የአባትና የእናት ፋንታ ነው።